ወታደር የሚምለው ለጥይት ነው ወይስ ለቲነር?

መርዝና ወታደር አንድ ላይ ሲነሡ ለእኛ ሰው ቶሎ የሚታወሰው የጣሊያን ወረራ ነው። በ1928 ዓ.ም. ከአውሮፕላን የወረደው የሰናፍጭ ጋዝ የስንቱን አርበኛ ቆዳ እንደላጠ፣ የስንቱን ዓይን እንዳጠፋ ከአያቶቻችን ሰምተናል። ንጉሠ ነገሥቱም ጄኔቫ ድረስ ሄደው አቤት ብለዋል። በዚያ ነገር ላይ የሚያከራክር የሞራል ጥያቄ የለም። መርዙን ያፈሰሰው ጠላት ነው፤ መሣሪያውም ጣሊያን ራሷ በፈረመችው የጄኔቫ ስምምነት የተከለከለ ነበር። በዳዩ ይታወቃል፣ ተበዳዩ ይታወቃል፣ አለቀ።

የሚያስቸግረው ሌላው ዓይነት መርዝ ነው፤ ከራስ ግምጃ ቤት በበርሜል የሚወጣው። ቲነር፣ ቀለም፣ ማሟሟያ፣ የብረት ማጠቢያ፣ የነዳጅ ትነት፣ የቆሻሻ ጭስ። እነዚህን መርዝ ብሎ የሚጠራቸው የለም። ግምጃ ቤት ውስጥ ስማቸው «ዕቃ» ነው። የሚያድላቸው አለቃም ክፉ ሰው አይደለም፤ ሥራው በሰዓቱ እንዲያልቅለት የፈለገ፣ ከበላዩ ያለው አለቃ «የት ደረሰ?» እያለ የሚጨቀጭቀው ሰው ነው። ወታደሩ ይቀበላል፣ ይሠራል፣ ከዓመታት በኋላ ይታመማል። ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ጥያቄ ይኼ ነው፦ ወታደር ሲምል የሚምለው ለጥይት ብቻ ነው ወይስ ለቲነርም ጭምር?

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ በደንብ የተመረመረ ታሪክ ልንገራችሁ። (ከዚህ በኋላ ካልተናገርኩ በቀር ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ።)

የአውስትራሊያ አየር ኃይል ኤፍ-111 የሚባል አሜሪካ ሠራሽ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ነበረው። በ1973 ተረክቦት እስከ 2010 ድረስ ሠርቶበታል። ይህ አውሮፕላን ነዳጁን በላስቲክ ከረጢት ውስጥ አይዝም። ገላው ራሱ፣ በብረት ቆዳውና በውስጥ አጥንቶቹ መካከል ያለው ክፍተት፣ ታንክ ሆኖ ያገለግላል። መገጣጠሚያው ሁሉ የሚደፈነው በማሸጊያ ማስቲሽ ነው። ማስቲሹ እያረጀ ሲሄድ አውሮፕላኑ ነዳጅ ማንጠብጠብ ጀመረ። ታዲያ ምን ይደረግ? ሰው ታንኩ ውስጥ ገብቶ፣ አሮጌውን ማስቲሽ በኬሚካል አላልቶ፣ ፍቆና ጠርጎ በአዲስ ይተካ ተባለ። ኩዊንስላንድ ውስጥ አምበርሊ በሚባለው የአየር ኃይል ሰፈር ይኸው ሥራ ከ1977 እስከ 2000፣ በመሐል በመሐል እየተቋረጠ፣ ሲሠራ ኖረ።

እስቲ ሥራውን በዓይነ ኅሊናችሁ ሳሉት። ታንኩ ሰው ቆሞ የሚገባበት አይደለም። በጠባብ ቀዳዳ እየተሳቡ ይገቡበታል፣ በጀርባ ወይም በጎን ተኝተው ይሠሩበታል። ውስጡ የታፈነ ነው፤ ውጪው የኩዊንስላንድ ሙቀት ነው። ከኬሚካሎቹ አንዱ ሽታው በጣም የሚያቅለሸልሽ፣ ሰው ቢታጠብ ቢታጠብ ከቆዳው የማይለቅ ነበር። ሰውየው ማታ ቤቱ ሲገባ ሽታው አብሮት ይገባል፤ አንሶላው ሳይቀር ይሸታል። ሰፈሩ ውስጥም ሌላው ወታደር ከእነሱ ጋር መቀመጥ ይሸሽ ነበር። እንግዲህ ጎረቤት እንኳ ያወቀውን ነገር አለቃ አላወቀም ማለት ያስቸግራል። ራስ ምታት መጣ፣ ማዞር መጣ፣ የቆዳ መቆጣት መጣ፣ መርሳትና የጠባይ መለወጥ መጣ። ሥራው ግን ቀጠለ። የቆመው በ2000 መጀመሪያ ላይ ነው። ከተጀመረ ከሃያ ዓመት በላይ መሆኑ ነው።

ጉዳዩን የመረመረው ቦርድ በ2001 ሪፖርቱን አወጣ። አንድ ጨካኝ አዛዥ ፈልጎ ጣቱን አልቀሰረም። የወደቀው አሠራሩ ነው አለ፦ የትእዛዝ ሰንሰለቱ፣ ሕክምናው፣ ቁጥጥሩ። ከሰው ይልቅ አውሮፕላኑ ይቀድም ነበር። በ2004 የተጠናቀቀው የጤና ጥናት ደግሞ እነዚያን ሠራተኞች ይህን ሥራ ካልሠሩ ሌሎች ወታደሮች ጋር አወዳድሮ፣ የመንፈስ ጭንቀቱም፣ የመርሳት ችግሩም በእነሱ ላይ በርክቶ አገኘው፤ የካንሰሩም መጠን ከፍ ብሎ ታየ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ አንድ ነገር ነው። አየር ኃይል ማለት የጥንቃቄ ቤት ነው። ለመብረር ብቁ መሆኑ በፊርማ ያልተረጋገጠ አውሮፕላን አይነሣም፤ የመካኒክ መፍቻ ከመሣሪያ ሣጥኑ ከጎደለ ሁሉም ቆሞ ይፈለጋል። ስለዚህ ችግሩ የጥንቃቄ ባህል አለመኖር አልነበረም። ጥንቃቄው አውሮፕላኑ ላይ አለ፣ አብራሪው ላይ አለ፤ ታንኩ ውስጥ ተኝቶ የሚፍቀው ልጅ ጋ ሲደርስ ነው የተቋረጠው። ይኼን «አላወቅንም» ብሎ ማለፍ አይቻልም። መጠንቀቅ የሚያውቅ ቤት ለማን እንደሚጠነቀቅና ለማን እንደማይጠነቀቅ መርጧል ማለት ነው።

ይህን ጉዳይ በሰፈራችን ለሚኖሩ አንድ ጡረታ የወጡ መኮንን አጫወትኳቸው። ሁላችንም «ሻምበል» ነው የምንላቸው። አዳምጠውኝ ሲያበቁ ሳቁብኝ።

«አንተ ልጅ፣ ለሞት የማለ ሰው ሽታ ሸተተኝ ብሎ ይከሳል? ወታደርነት ማኅበር መሰለህ?»

የሻምበል ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ሠራዊት በስብሰባና በድምፅ ብልጫ አይመራም። እያንዳንዱ ወታደር «ይኼ ትእዛዝ ለጤናዬ እንዴት ነው?» እያለ ቢያመነታ አገር የሚጠብቅ አይኖርም። ጦር ሜዳ ላይ የባሩድ ጭስ አለ፣ የናፍጣ ጭስ አለ፣ የሚቃጠል ታንክ አለ። ያንን ሁሉ በጓንትና በማስክ አጥሮ መዋጋት አይቻልም። ወታደር ይህንን አውቆ ነው የገባው። «ወድጄ ገብቼበታለሁ» የሚል ሰው ላይ በደል ተፈጸመ ማለት ያስቸግራል።

ሆኖም አንድ ጥያቄ መለስኩላቸው። «ሻምበል፣ ጠላት በሌለበት፣ ሰኞ ቢሠራ ማክሰኞም ሊሠራ በሚችል ሥራ፣ ወታደርዎን እንዲሞት ይልኩታል?»

ዝም አሉ። ቆይተው ግን እንዲህ አሉኝ፦ «እኛ ጋ ምግብ ሲመጣ አዛዥ መጨረሻ ነው የሚበላው። ለምን መሰለህ? ልጆቹ ቢራቡ "እርቦናል" ብለው ተነሥተው መሄድ አይችሉማ።»

መልሱ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የወታደር መሐላ አደጋን ሁሉ በጅምላ መቀበል አይደለም። አገር የሚያስፈልጋትን አደጋ መቀበል ነው። ለጥይት መሞት የሚያስከብረው ጥይቱ ስለሚያምር አይደለም፤ በዚያ ሞት የተጠበቀ ነገር ስላለ ነው፦ ድንበር፣ ሕዝብ፣ ጓድ። አምበርሊ ውስጥ በዚያ ሽታ የተጠበቀው ምንድን ነው? የሥራ መርሐ ግብር ነው። የተሻለ አየር ማስወጫ ለመግጠም፣ ሌላ ኬሚካል ለመፈለግ፣ ሰው በፈረቃ ለማሳረፍ የሚጠይቀው ገንዘብና ጊዜ ነው የተጠበቀው። ወታደሩ ሕይወቱን ለአገሩ ሰጠ፤ የተቀበሉት ሰዎች ግን ለበጀት ማብቃቂያ አዋሉት። ይህ ስጦታን ከታሰበለት ቦታ ውጪ ማዋል ነው። በእኛ አገር እንዲህ ያለውን ሰው «አደራ በላ» እንለዋለን።

«አደራ ጥብቅ ነው፣ ሰማይ ሩቅ ነው» ይባላል። አደራ የሚጠብቀው ለምንድን ነው? ባለቤቱ አጠገቡ ስለሌለ፣ ዕቃውን ራሱ ሊከላከልለት ስለማይችል ነው። ወታደርም እንዲሁ ነው። ሲቪል ሠራተኛ ሥራው ቢያስፈራው፣ ቢጨንቀውም ቢርበውም፣ ትቶ የመሄድ መብት አለው። ወታደር ግን ያንን መብት ሲገባ አስረክቧል። ትእዛዝ እምቢ ቢል ይቀጣል፤ ጥሎ ቢሄድ ከዳተኛ ይባላል። እምቢ የማለት መብቱን የተረከበው አዛዡ ነው። ስለዚህ ሻምበል እንዳሉት ምግብ ሲመጣ መጨረሻ የሚበላ አዛዥ፣ ኬሚካል ሲመጣ ደግሞ መጀመሪያ ሊጠይቅ ይገባል። እምቢ ማለት ለማይችል ሰው ጥንቃቄው ሊበዛለት ሲገባ፣ «ወታደር ነው፣ ይችለዋል» ተብሎ የሚቀነስበት አመክንዮ ተገልብጧል።

«ጥንቃቄማ ነበር፣ ጓንትና ቱታ ተሰጥቷቸው ነበር» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ተሰጥቷቸዋል። ኬሚካሉ ግን በጓንቱ ያልፍ ነበር፤ በዚያ ሙቀትና ጥበት ውስጥ ደግሞ የተሰጠውን ሁሉ ለብሶ መሥራት ከባድ ነበር። በሥራ ደኅንነት ትምህርት የታወቀ ቅደም ተከተል አለ፦ በመጀመሪያ መርዙን አስወግድ፤ ካልተቻለ በቀለለ ተካው፤ ካልተቻለ በማሽንና በአየር ማስወጫ ከሰው አርቀው፤ ከዚያ ሰው የሚጋለጥበትን ሰዓት ቀንስ፤ ጓንትና ማስክ የመጨረሻው ነው። እኛ ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው እንጀምራለን፤ ርካሹ እሱ ነዋ።

የማውቀው አንድ የመኪና ቀለም ቀቢ ልጅ አለ። ጋራዥ ውስጥ ቀኑን ሙሉ በስፕሬይ ሲቀባ ይውልና ማታ ወተት ይጠጣል። ባለቤቱ ነው የሚገዛለት። «ወተት ያጥበዋል» ይባላል፤ ይህን እምነት በየጋራዡና በየፋብሪካው ታገኙታላችሁ። ወተት ጥሩ ምግብ ነው፣ ልጁም ቢጠጣው ደስ ይለኛል። ግን በሳንባ የገባውን የቲነር ትነት ወተት አያጥበውም። ወተቱ የሚያጥበው ሌላ ነገር ነው፦ የባለቤቱን ኅሊና። «የሚገባኝን አድርጌያለሁ» ብሎ እንዲተኛ ያደርገዋል። የአምበርሊ ጓንትም የአየር ኃይሉ ወተት ነበር።

ሕጉስ የት ሄደ? ያላችሁ እንደሆነ፣ ሕጉ በር ላይ ቆሟል። አሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤንነት ሕጓን በ1970 ስታወጣ ዩኒፎርም የለበሰ ወታደርን አላካተተችም። በአንድ ሃንጋር ውስጥ፣ በአንድ ቲነር፣ ጎን ለጎን የሚሠሩ ሁለት ሰዎች አስቡ፤ አንዱ የመንግሥት ሲቪል ሠራተኛ፣ አንዱ ወታደር። ሲቪሉን ከሠራዊቱ ውጪ ያለ ተቆጣጣሪ ያየዋል። ለወታደሩ ሠራዊቱ «ተመሳሳይ ደረጃ እጠብቃለሁ» የሚል የራሱ መመሪያ አለው፤ ተቆጣጣሪውም ራሱ ነው። ሳንባቸው ግን አንድ ዓይነት ነው። መክሰስም ቢፈለግ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1950 በሰጠው ውሳኔ ወታደር በአገልግሎት ላይ ለደረሰበት ጉዳት መንግሥትን መክሰስ አይችልም። እንግሊዝም በ1947 ሕጓ ተመሳሳይ በር ዘግታ በ1987 ከፈተችው፤ ግን ወደ ኋላ የሚሠራ አላደረገችውም። በመርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ አስቤስቶስ ሲተነፍሱ የኖሩ የባሕር ኃይል ሰዎች፣ በሽታው አሥርት ዓመታት ቆይቶ ብቅ ሲል፣ «የእናንተ ጊዜ ከ1987 በፊት ነው» ተባሉ። በአስቤስቶስ ምክንያት ለሚመጣው የሳንባ ሽፋን ካንሰር 140 ሺህ ፓውንድ በአንድ ጊዜ እንዲከፈላቸው የተወሰነው በ2015 መጨረሻ ላይ ነው።

በእኛም አገር የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ይኼ በእኛው አቆጣጠር ነው) የመከላከያ ሠራዊት አባላትን አይመለከትም፤ በልዩ ሕግ ነው የሚተዳደሩት። ይህ በራሱ ስሕተት አይደለም፤ ሠራዊት በሥራ ማቆም አድማና በኅብረት ስምምነት ሊመራ አይችልም። ሆኖም አንድን ሰው ከትልቁ በር ያወጣ ሁሉ ሌላ በር የማበጀት ግዴታ አለበት። አውሮፕላን የሚቀባ፣ የጦር መኪና የሚጠግን፣ የነዳጅ ቦቴ ውስጥ ገብቶ የሚያጥብ ወታደር በየትኛውም አገር አለ። ቲነሩ ባንዲራ አይለይም። ጥያቄው ያ ልጅ «ይኼ ነገር እያመመኝ ነው» ቢል የሚሰማው፣ ከአለቃው ውጪ የሆነ፣ ጆሮ አለው ወይ ነው።

ከመጋለጡ ቀጥሎ የሚመጣው በደል ደግሞ የማስረጃ ጥያቄ ነው። የታመመው ወታደር ካሳ ሲጠይቅ «በሽታህ ከሥራህ የመጣ መሆኑን አስረዳ» ይባላል። በምን ያስረዳ? የትኛውን ኬሚካል፣ ስንት ሰዓት፣ በምን መጠን እንደተነፈሰ የሚያሳይ መዝገብ መያዝ የነበረበት አሠሪው ነው። አሠሪው ሳይለካ ቀረ፣ ሳይመዘግብ ቀረ፤ አሁን ደግሞ የመዝገቡ አለመኖር ለራሱ መከላከያ ሆነለት። በኢራቅና በአፍጋኒስታን የአሜሪካ ጦር ሰፈሮች ቆሻሻ በትልልቅ ጉድጓድ እየተከመረ ይቃጠል ነበር፤ ፕላስቲክ፣ ባትሪ፣ የቀለም ቆርቆሮ፣ የሕክምና ቆሻሻ፣ ሁሉም በአውሮፕላን ነዳጅ እየተለኮሰ። በመጀመሪያዎቹ የጦርነት ሳምንታት ሌላ አማራጭ አልነበረም ቢባል እቀበላለሁ። አፍጋኒስታን ውስጥ ግን ወደ 20 ሚሊዮን ዶላር የወጣባቸው የቆሻሻ ማቃጠያ ምድጃዎች አንድ ቀን እንኳ ሥራ ላይ ሳይውሉ መቅረታቸውን የራሷ የአሜሪካ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2015 አጋልጧል። እዚያ ላይ «ጦርነት ነው» የሚለው መልስ ያልቅበታል።

ከዚያ የተመለሱት ወታደሮች መተንፈስ እያቃታቸው ካሳ ሲጠይቁ አብዛኛው ማመልከቻ ውድቅ ይደረግ ነበር። ይህን የለወጠው በነሐሴ 2022 የወጣው ሕግ ነው፤ በ2020 በሳንባ ካንሰር በሞተ አንድ ወታደር ስም ተሰይሟል። ሕጉ ያደረገው ነገር ቀላል ነው፦ በእነዚህ ቦታዎች ያገለገለና ከተዘረዘሩት በሽታዎች በአንዱ የታመመ ሰው፣ ከአገልግሎቱ የመጣ ነው ተብሎ ይገመትለታል፤ አስረዳ አይባልም። የቬትናም ዘማቾችም ጫካ ለማርገፍ ለተረጨው ኬሚካል ተመሳሳይ ሕግ ያገኙት በ1991 ነው፤ ርጭቱ ከቆመ ከ20 ዓመት በኋላ። ሁለቱም ሕጎች ጥሩ ናቸው። ሁለቱም ሲወጡ ግን ስንቱ ሊጠቀምበት የሚገባው ሰው አፈር ለብሷል።

«እንዲህ ከሆነ ሐሰተኛውም ይጠቀማል» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ሊጠቀም ይችላል። ግን ከሁለት ስሕተት አንዱን ምረጡ ብትሉኝ፣ ያልተጎዳ ሰው ጥቂት ብር ቢያገኝ ይሻለኛል፤ የተጎዳ ሰው መዝገብ ስላልተያዘለት ደጅ ሲጠና ከሚሞት። መዝገብ አለመያዝ ዋጋ ማስከፈል ካለበት፣ መክፈል ያለበት ያልያዘው ነው።

ወደ አምበርሊ ልመለስና አንድ ቃል ላንሣ። የአውስትራሊያ መንግሥት በ2005 ለሠራተኞቹ እንደ ተጋላጭነታቸው 40 ሺህ ወይም 10 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር እንዲከፈል ወሰነ። ክፍያው በሕግ አጠራሩ «ያለ ግዴታ፣ በበጎ ፈቃድ» የሚሰጥ ነው። በአማርኛ ችሮታ ነው። ብዙዎቹ ቅር የተሰኙት በገንዘቡ ማነስ ብቻ አይመስለኝም። ችሮታ የሚሰጥ ሰው ከላይ ሆኖ ነው፤ የሚቀበለው አመስግኖ ይወስዳል። ዕዳ የሚከፍል ሰው ግን ቀና ብሎ የሚያየው ሰው አለ። በ2009 የፓርላማው ኮሚቴ መሥፈርቱ ብዙ ሰው ያስቀራል፣ ይስፋ ማለቱ አንድ ነገር ነው፤ የክፍያው ስም ግን የጉዳዩን ግማሽ ይዞ ቀርቷል። ኔዘርላንድስ በዚህ በኩል የተሻለች ትመስለኛለች። ከ1984 እስከ 2006 የአሜሪካ ጦር መኪናዎችን በሚያድሱ ጣቢያዎቿ ክሮሚየም-6 ያለበት ቀለም ሲፈገፍጉ የኖሩ ሠራተኞች ጉዳይ ተጠንቶ በ2018 ሲቀርብ፣ መከላከያ ሚኒስቴሩ ሠራተኞቹን የመጠበቅ ግዴታውን አለመወጣቱን ተቀብሎ ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታ ሳንባ አያድንም። ግን ለታመመው ሰው «እብድ አልነበርክም፣ እውነትህን ነበር» ይለዋል። ለዓመታት «ምንም የለብህም» ሲባል ለኖረ ሰው ይኼ ቀላል ነገር አይደለም።

ወታደርን ማክበር እንወዳለን። በበዓል ቀን እናጨበጭብለታለን፣ ለወደቀው ሐውልት እናቆማለን። ሐውልቱ ግን በጥይት ለወደቀው ነው። በማስቲሽና በቲነር ቀስ እያለ የወደቀው ሐውልት የለውም፤ መድፍም አይተኮስለትም። የሚሞተው ቤቱ ነው፣ በዩኒፎርም ሳይሆን በፒጃማ፣ ለሚስቱና ለልጆቹ ሸክም ሆንኩ እያለ። ለአገሩ የሰጠው ግን ከሌላው ያነሰ አይደለም።

ስለዚህ የርእሱን ጥያቄ እኔ እንዲህ እመልሰዋለሁ። ወታደር የሚምለው አገር ለሚያስፈልጋት አደጋ ነው። ያ አደጋ አንዳንዴ ጥይት ነው፤ አልፎ አልፎ፣ በእውነት ሌላ መንገድ ሲጠፋ፣ ጭስና ኬሚካልም ሊሆን ይችላል። ሌላ መንገድ መጥፋቱን ማረጋገጥ ግን የወታደሩ ሥራ አይደለም፤ እሱ ሲታዘዝ አቤት ብሎ ይገባል። ታንኩ ውስጥ ምን እንዳለ፣ ዛሬ መግባቱ ግድ መሆኑን፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ቢታመም ማን እንደሚያስታምመው፣ በሩ ላይ ቆሞ መጠየቅ ያለበት የላከው ሰው ነው።